ቁራው ምን አጠፋ?

ዎርዝንግተን በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ከኮሎምበስ መሀል ከተማ በስተ ሰሜን የምትገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1803 ከኒው ኢንግላንድ በመጡ ሰፋሪዎች የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዛሬም መሀሏ ላይ ሣር የለበሰ አደባባይ አለ። ከአደባባዩ ዳር የቅዱስ ዮሐንስ ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ ግንባታው በ1831 ያለቀ፣ መስኮቶቹ በጎቲክ ወግ ጫፋቸው የሾለ፣ ከጎኑ አሮጌ መካነ መቃብር ያለው ነው። እነዚያ መስኮቶች በተተከሉበት ዘመን ሰሜን አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ አንድ ዓይነት ሥነ ጽሑፍም ነግሦ ነበር፤ ፍርስራሽ ግንብ፣ እኩለ ሌሊት፣ የሞተች ወዳጅ፣ ጨለማ ውስጥ የሚጮህ ወፍ የማይጠፉበት ሥነ ጽሑፍ። ስሙም እንደ መስኮቶቹ ጎቲክ ነው።

በአደባባዩ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁለት ኢትዮጵያውያን የያዙት ክርክር ከዚህ ብዙም አይርቅም። አንደኛው በሀገር ቤት ረጅም ዘመን አማርኛ ያስተማሩ፣ አሁን ልጆቻቸው ዘንድ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ በልጅነቷ መጥታ ሁለተኛ ደረጃን እዚሁ የጨረሰች፣ ዛሬ በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ ናት። ደብረ ብርሃን ያረፉት አያቷ አርባቸው ገና አልወጣም። መርዶው ከመድረሱ በፊት በነበረው ማታ አንድ ቁራ ከበረንዳቸው ብረት ላይ አርፎ ሲጮህ እናቷ ሰምተዋል፤ ከዚያ ወዲህ «ወፉ አውቆ ነበር» ማለት አላቆሙም። ልጅቱ አታምንም። ግን ነገሩን ከሐሳቧ ማውጣትም አልቻለችም።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ እናቴን «ቁራ ምን ያውቃል?» ብላት ተቆጣችኝ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያን ማታ ቁራውን ሳየው ወዲያው ትዝ ያለኝ ትምህርት ቤት ያነበብነው የኤድጋር አለን ፖ ግጥም ነው። እሷ ሟርት አየች፣ እኔ ግጥም አየሁ። ወፉን ያየ የለም።

መምህሩ፦ እንግዲያው ከወፉ እንጀምራ። የትኛው ቁራ ነው የጮኸው?

ነርሷ፦ ቁራ ነዋ፤ ጥቁሩ!

መምህሩ፦ እሱማ ሁሉም ጥቁር ነው። እኛ ደጋ ላይ የምናውቀው ግዙፉ፣ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ቁራ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ እምብዛም አይገኝም። የፖ ቁራ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱም ትልቅ ነው፣ ግን ከራስ እስከ እግሩ ጥቁር። ያ ዓይነቱ ከኦሃዮ ደን ሲመነጠር አብሮ ጠፍቶ ኖሮ አሁን በምሥራቁ በኩል ጥቂት ጥቂት እየታየ ነው። እናትሽ ደጅ ያረፈው ታናሽየው ነው፤ የሰፈሩን ቆሻሻ ገንዳ ሁሉ የሚያውቀው።

ነርሷ፦ ስለዚህ እናቴ የደብረ ብርሃኑን፣ እኔ የፖን፣ ሁለታችንም በዎርዝንግተኑ ላይ ጫንንበት።

መምህሩ፦ እሱ ምስኪን እራቱን ፍለጋ ነው የመጣው።

ነርሷ ሳቀች፤ ነገሩን ግን እንዲህ በቀላሉ ልትተወው አልፈለገችም።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ እዚህ አገር ቁራ በእርግጥም ክፉ ወሬ ያመጣበት ጊዜ ነበር እኮ።

መምህሩ፦ አንቺም ወደ እናትሽ ዞርሽ እንዴ?

ነርሷ፦ እምነት አይደለም፣ የጤና ጥበቃ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኒው ዮርክ ውስጥ ቁራዎች እየወደቁ መሞት ጀመሩ፤ በብሮንክስ መካነ አራዊትም ወፎች ሞቱ። በዚያው ሰሞን ከከተማው ነዋሪዎች አንዳንዶቹን የአንጎል ብግነት ያዛቸው። ሁለቱን ያገናኘችው የወባ ትንኝ ዘመድ ናት፤ በሽታው የዌስት ናይል ቫይረስ ነበር። ኦሃዮ ውስጥ በ2001 በወፎች ላይ ተገኘ፣ በ2002 ሰውም አመመ፣ ገደለም። የጤና ቢሮዎች ነዋሪውን «የሞተ ቁራ ካያችሁ አስታውቁን» ይሉት ነበር። ቫይረሱ ከያዛቸው አምስት ሰዎች አራቱ ምንም ሳይሰማቸው ያልፍላቸዋል። የአሜሪካ ቁራ ግን በቤተ ሙከራ ሲሞከር ከሞላ ጎደል የተያዘው ሁሉ ሞቷል። ስለዚህ የሞተ ቁራ ከታየ በሽታው ሰፈሩ ገብቷል ማለት ነው።

መምህሩ፦ ታዲያ ይኼ ሟርተኛ አይባልም። ቀድሞ የሞተ ጎረቤት ነው።

ነርሷ፦ ይህን ለእናቴ ብነግራት «አላልኩሽም?» ነው የምትለኝ።

መምህሩ፦ ትክክል ናታ! ሟርት የሚኖረው እንዲህ እያለ ነው። አንዴ የሰመረለትን ይቆጥራል፣ ሺህ ጊዜ የከሸፈበትን አይቆጥርም። ቁራ በረንዳችሁ ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነው?

ነርሷ፦ በየቀኑ ነው የሚያርፈው።

ወደ ግጥሙ የተሻገሩት ከዚህ በኋላ ነው። «ቁራው» እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 1845 በኒው ዮርኩ «ኢቭኒንግ ሚረር» ጋዜጣ ሲታተም ፖ 36 ዓመት ከሞላው ገና አሥር ቀኑ ነበር። ግጥሙ 18 አንጓዎችና 108 ስንኞች አሉት። ታሪኩ አጭር ነው። በዲሴምበር እኩለ ሌሊት አንድ ሰው ሌኖር የተባለች የሞተችበትን ወዳጁን ለመርሳት አሮጌ መጻሕፍት ሲያገላብጥ በሩ ይንኳኳል። ሲከፍት ጨለማ ብቻ ነው፤ ስሟን ሹክ ይላል፣ የራሱ ድምፅ ይመለስለታል። መስኮቱን ሲከፍት ቁራ ይገባና ከበሩ በላይ ባለው የጥበብ አምላክ ሐውልት ራስ ላይ ያርፋል። ሰውየው ስሙን ሲጠይቀው ወፉ አንዲት ቃል ይመልሳል፤ ዳግመኛ የለም፣ ከእንግዲህ የለም እንደ ማለት። ከዚያ ወዲያ የሚጠየቀው ሁሉ መልሱ ይህችው ናት። ግጥሙ እስኪያልቅ ከወፉ አፍ ሌላ ቃል አይወጣም።

ነርሷ፦ አስተማሪያችን ወፉ ሞትን ይወክላል አለችን፤ ጻፍነው፣ ፈተና አለፍንበት። አሁን ደግሜ ሳነበው ግን ወፉ ምንም አላደረገም።

መምህሩ፦ ምንም! እንዲያውም ባለታሪኩ ራሱ ገና ሲጀምር ያውቃል፤ ይህ ወፍ ከአንድ መከረኛ ጌታው አንዲት ቃል ለምዶ ነው ብሎ ይገምታል። መልሱ አንድ ብቻ እንደሆነ ካወቀ በኋላ ነው ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው። ጥያቄዎቹንም ተመልከቻቸው፤ መጀመሪያ ስሙን ነው የጠየቀው። ቀጥሎ ለቁስሌ መድኃኒት ይኖር ይሆን ይላል። በመጨረሻ በወዲያኛው ዓለም አገኛት ይሆን ይላል። መልሱን እያወቀ ጥያቄውን እያከበደ ይሄዳል።

ነርሷ፦ ራሱን ሊጎዳ።

መምህሩ፦ ፖም ይህንኑ ነው ያለው። በ1846 ግጥሙን እንዴት እንደሠራው በጻፈው መጣጥፍ ላይ፣ ሐዘንተኛው የሚጠይቀው ከፊሉን ከአጉል እምነት፣ ከፊሉን ራስን ከማሠቃየት ጥማት ነው ይላል። አስቀድሞ አዝማቿን ቃል መረጥኩ፣ ያችን ቃል እየደጋገመ የሚናገር አእምሮ የሌለው ፍጡር ፈለግሁ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ በቀቀን ነበር ይላል።

ነርሷ፦ በቀቀን! በቀቀን ቢሆን ኖሮ እናቴም አትፈራው ነበር።

መምህሩ፦ አየሽ፣ እሱም ገብቶታል። በቀቀንን ትቶ ቁራን ያመጣው አንባቢው አስቀድሞ ፍርሃቱን ይዞ እንደሚመጣ ስላወቀ ነው። ለዚህም ቀዳሚ ነበረው፤ ቻርልስ ዲከንስ ግሪፕ የሚባል የሚናገር ቁራ ያሳድግ ነበር። በ1841 በልብ ወለዱ ውስጥ አስገባው። ፖ በዓመቱ መጽሐፉን ሲተች፣ ይህ ወፍ ከዚህ የበለጠ የትንቢት ሥራ ሊሠራበት ይችል ነበር ብሎ ቅር አለው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራውን ራሱ ሠራው። ግሪፕ በ1841 ሞቶ ቆዳው ተሞልቶ ተቀመጠ፤ ዛሬ በፊላዴልፊያ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይታያል።

ነርሷ፦ ይኼ መጣጥፍ ነው እኔን የሚያናድደኝ። ግጥሙን እንደ ሒሳብ ቀመር ሠራሁት እያለ ሚስቱን አንዴ እንኳ አያነሳም። ቨርጂኒያ በጃንዋሪ 1842 ስትዘፍን ደም ከአፏ ፈሰሰ። ሳንባ ነቀርሳ ነበር። ግጥሙ ሲወጣ በሽታው ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ግጥሙ በወጣ በሁለት ዓመት ከአንድ ቀኑ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1847፣ በ24 ዓመቷ ሞተች። አንዳንዱ ሰው ግጥሙን ለሞተች ሚስቱ የጻፈው ይመስለዋል። አልሞተችም ነበር፤ እሷ በሕይወት ሆና ስትታመም ነው የጻፈው።

መምህሩ፦ ልዩነት አለው?

ነርሷ፦ እኔ ሥራዬ ላይ በየሌሊቱ የማየው ልዩነት ነው! የሞተበት ሰው ያለቅሳል። በሽተኛው ገና ያልሞተበት ግን ይጠይቃል። መልሱን ነግረነው፣ ሐኪሙ ነግሮት፣ ወደ እኔ መጥቶ እንደገና ይጠይቃል፤ ማሽኑን ያያል፣ ቁጥሩ ቢለወጥ ብሎ ሌላ ነርስ ይጠብቃል። «ዛሬ ዓይኗን ገለጠች፣ ምልክት ይሆን?» ይላል። ሁሉ ነገር ምልክት የሚሆንበት ያን ጊዜ ነው።

መምህሩ ዝም አሉ። የፖ እናት ኤልዛም በዲሴምበር 1811፣ ልጃቸው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነው ያረፉት። የ1846ቱን መጣጥፍ ቃል በቃል የማያምኑ ሃያሲዎች አሉ። በቀዝቃዛ ስሌት እንደተቀመረ የሚነገረው ግጥም የተጻፈው በሽተኛ ባለበት ቤት ነው፤ ጸሐፊው ግን ስለ ቤቱ ትቶ ስለ አንጓና ስለ አዝማች ብቻ መናገርን መረጠ።

ነርሷ፦ እኔማ ኦሃዮ ስለኖርኩ ሌላም ቂም አለኝ። በ1995 መጨረሻ የክሊቭላንድ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ባለቤት ቡድኑን ይዤ ወደ ባልቲሞር እሄዳለሁ አለ። ፖ በኦክቶበር መጀመሪያ 1849 የሞተው ባልቲሞር ስለሆነ የዚያ ከተማ ደጋፊዎች ድምፅ ሰጥተው የቡድኑን ስም በግጥሙ ወፍ ሰየሙት። ለማስኮትም ሦስት ቁራ አወጡ፤ ኤድጋር፣ አለን፣ ፖ። ክሊቭላንድ ሰው እስከ 1999 ያለ ቡድን ቀረ። ሥራ ቦታዬ ላይ ዛሬም የዚያን ቁራ ሥዕል ያለበት ሹራብ ለብሰሽ ብትመጪ የሚያኮርፉሽ አሉ።

መምህሩ፦ እንግዲህ ለኦሃዮ ቁራው በእርግጥ መርዶ ነው በይኛ!

ጨዋታው ወደ ሀገር ቤት ወፎች ዞረ። መምህሩ በዚህ በኩል ሞልተው የሚፈስሱ ናቸው።

መምህሩ፦ እኛም ቁራን አልማርነውም። ኖኅ ከመርከቡ ላከው፣ ሳይመለስ ቀረ። የዕብራይስጡ ወዲያና ወዲህ እያለ በረረ ነው የሚለው፤ የሰባ ሊቃናት ትርጉም ነው አልተመለሰም ያለው፤ የእኛም መጽሐፍ እሱን ተከተለ። ተልኮ የቀረን ሰው ሁሉ የቁራ መልእክተኛ የምንለው ከዚያ ነው። ግን ያው መጽሐፍ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ላይ ኤልያስን በረሃብ ዘመን በወንዝ ዳር ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ እያመጣ የመገበው ቁራ ነው ይላል። አንዱ ወፍ መልእክት የበላ፣ አንዱ ነቢይ ያበላ። ላባቸው አንድ ነው።

ነርሷ፦ ቤተ ክርስቲያን ባለው ሥዕል ላይም ወፍ አለች አይደል? ከአንበሶቹና ከነብሮቹ ጋር።

መምህሩ፦ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ። ወፏ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ነው የምትሣለው። ሐዘንና ወፍ በአንድ ሥዕል ላይ አሉ፤ ግን ወፏ ሞት አታወራም፣ ጠምቷት ነው። ይህን ሥዕል እያየ ያደገ ሰው ነው ማታ ጉጉት ጣራ ላይ ስትጮህ «ዛሬ ከዚህ ሰፈር ሰው ይወጣል» የሚለው። ዘዳግም ምዕራፍ 18 ሟርትን ይከለክላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብም ጠንቋይና ሟርተኛን አጥብቀው ተዋግተዋል። ጉጉቷ ግን ሁሉንም አልፋ እስከ ዛሬ ትጮኻለች።

ነርሷ፦ እዚህም ትጮኻለች። ከሥራ ስመለስ ኦለንታንጂ ወንዝ ዳር ካሉት ዛፎች እሰማታለሁ። እዚህ ሰው ሰምቶ ስልኩን አውጥቶ ድምፅ ይቀርጻል፣ ዓይነቷን ይለያል።

መምህሩ፦ አጉል እምነትን ግጥም ውስጥ በደንብ ያሳየው ለእኔ ከፖ ይልቅ ኮልሪጅ ነው፤ በ1798 በታተመው የአሮጌው መርከበኛ ግጥም። መርከበኛው አልባትሮስ የተባለውን የባሕር ወፍ ገደለ። ጓደኞቹ «ነፋስ ያመጣልንን ወፍ ገደልክብን» ብለው ረገሙት። ጭጋጉ ሲገፈፍ ደግሞ «ጭጋግ ያመጣብንን ወፍ መግደልህ ደግ አደረግህ» አሉት። ነፋሱ ሲቆምባቸው ሬሳውን አንገቱ ላይ አንጠለጠሉበት። ወፉ ሦስቴ ትርጉም ሲለወጥለት ራሱ ግን ከሞተ ቆይቷል። ነገሩም ከሜዳ አልመጣም፤ በ1726 የታተመ የሼልቮክ የባሕር ጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ሃትሊ የተባለ መኮንን መርከቡን የሚከተል ጥቁር አልባትሮስ ገደ ቢስ ነው ብሎ ተኩሶ ይገድላል። ለኮልሪጅ ሐሳቡን ያቀበለው ወዳጁ ዎርድስወርዝ ነው።

ነርሷ፦ የለንደን ግንብ ቁራዎችስ? ከስድስት ካነሱ መንግሥት ይወድቃል የሚባሉት።

መምህሩ፦ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ያዘዙት ነው ይባላል እንጂ ከዘመናቸው ማስረጃ አልተገኘለትም። ቁራዎቹ በግንቡ በሥዕል መታየት የጀመሩት በ1880ዎቹ ነው። ያኔ የፖ ግጥም አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ግጥም ከአጉል እምነት ይወርሳል ስንል፣ አንዳንዴም ሰው ግጥም ካነበበ በኋላ ለራሱ ጥንታዊ እምነት ይሠራል።

ነርሷ ትንሽ ቆየችና ከመጀመሪያው ይዛው የመጣችውን ነገር አወጣች።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ የፖ ሰውዬ በር ሲንኳኳ እኔ የማስበው የእኛን በር ነው። ያን ቅዳሜ ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ተንኳኳ። ስከፍት አሥራ ምናምን ሰው ነጠላ አዘቅዝቆ ቆሟል። ማንም ምንም ሳይል እናቴ ከኋላዬ ጮኸች።

መምህሩ፦ ወፍ ሲንጫጫ መምጣታችን ለዚያ ነው። ሰው ለሥራ ሳይወጣ፣ መኪና ሳይዝ፣ ብቻውን ሳይሆን እንዲሰማ። የፖን ሰውዬ በር ያንኳኳው ጨለማ ነው፤ የእናትሽን በር ያንኳኳው ሰው ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው እላለሁ። ያ ሰውዬ እንደኛ ለቅሶ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ቁራው ቦታም አያገኝ፤ ድንኳኑ፣ ቡናው፣ እድርተኛው ከየት ያሳልፈዋል? አልቃሽዋ ሙሾ ታወጣለች፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ ሐዘንተኛው በአንድ ቃል አይዘጋበትም። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሐዘኑ በቀጠሮ ነው።

ነርሷ፦ ቆንጆ አድርገው ሣሉት። ግን ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛ፣ ያ ሁሉ ሰው መጥቶ ምን አለ? «እግዜር ያጽናሽ።» ሁሉም! አንዱም ሌላ ቃል አልጨመረም። እናቴ «ለምን ሳላያት?» ስትል «እግዜር ያጽናሽ»፤ «ሦስት ዓመት ሙሉ ልሄድ ነው እያልኩ» ስትል «እግዜር ያጽናሽ»። ይኼ ከቁራው በምን ተለየ?

ጥያቄው መምህሩን ያዛቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

መምህሩ፦ የሚለይ ይመስለኛል። የቁራው ቃል ለየትኛውም ጥያቄ መልስ ይመስላል፤ ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው። አገኛት ይሆን ስትዪው የለም ይልሻል፣ አንቺም ትንቢት ነው ብለሽ ትወስጃለሽ። የእኛዋ ቃል ግን መልስ ነኝ አትልም። «ለምን?» ብትዪ ስለ «ለምን» አንዳች አትናገርም። የሚናገሩትማ ናቸው የሚያስፈሩኝ፤ «ለበጎ ነው»፣ «ዕድሜ ጠግበዋል»፣ «ምልክት ነበረው» የሚሉት።

ነርሷ፦ ከዚያ በኋላ «ምልክት ነበረው» ያሉንም ነበሩ፤ ቁራውን ያጸደቁላት እነሱ ናቸው። ወደ ሁለተኛው ልምጣ። አያቴ የሞተችው ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ተቀበረች። ቅዳሜ ነው የተረዳነው። ቁራው የጮኸው ዓርብ ማታ ነው።

መምህሩ፦ አዎ?

ነርሷ፦ ይቁጠሩታ ጋሼ! ቁራው ሲጮህ አያቴ ከተቀበረች ሁለት ቀኗ ነው። ወፉ ካወቀም ዘግይቶ ነው ያወቀው። ያን ዓርብ ማታ በኮሎምበስ የሚያውቁት ሌሎች ናቸው። የእናቴ ባልንጀሮች ያውቃሉ። አክስቴ ሐሙስ ደውላ «ትንሽ አሟታል፣ ተሽሏታል» ስትል ታውቃለች። ለቅዳሜ ማለዳ የተጠራራው ሰው ሁሉ ያውቃል። ከእኛ በቀር ያላወቀ አልነበረም።

መምህሩ፦ እኔም ሐሙስ ነው የሰማሁት።

ነርሷ፦ አውቃለሁ። ዓርብ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ደጅ አግኝቼዎት ስለ አየሩ ነበር ያወራን።

መምህሩ፦ ማታ ሥራ ልትገቢ ነበራ። በሽተኛ በእጅሽ ያለ ሰው ላይ እንዴት አወርዳለሁ? ሥርዓቱም እንደዚያ ነው፤ አንድ ሰው ተነሥቶ አይነግርም።

ነርሷ፦ ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ስለ እናቴ ግን ልንገርዎት። ቁራውን ለምን እንዳልተወችው አሁን የተረዳሁ ይመስለኛል። የሚወዷት ሰዎች ሁሉ ያውቁ ነበር፣ ሁሉም ሳቁላት፣ ሁሉም «ተሽሏታል» አሏት። ይህን ማሰብ ይከብዳታል፤ ማንንም መቀየም አትችልም፣ ለእሷ ብለው ነዋ። ቁራው ካወቀ ግን ቢያንስ አንድ ሊነግራት የሞከረ ነበር ማለት ነው። የፖ ሰውዬ ወፉን የሚያዋየው ከቤቱ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። እናቴ ደግሞ ሰው ሞልቶ የሚነግራት ስላጣች ወፍ ያዘች።

ከዚህ በኋላ መምህሩ ስለ ግጥም ማውራታቸውን ተዉ። ስደት የመርዶን ሥርዓት ከሁለት ወገን እንደቆነጠጠው ሁለቱም ያውቃሉ። ሥርዓቱ የተሠራው ሟችና ሐዘንተኛ በአንድ ቀበሌ በሚኖሩበት፣ መርዶ ነጋሪው ቀብሩ ሳያመልጥ በሚደርስበት አገር ነው። እዚህ ሰዓቱ ሰባትና ስምንት ሰዓት ይራራቃል፣ ሐዘንተኛው ፈረቃ አለበት፣ እስከ ቅዳሜ የሚያቆየው የሰው ዕረፍት ቀን ነው እንጂ ባህል ብቻ አይደለም። በዚያ ላይ ስልክ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ሲጠራሩ አንዱ የሩቅ ዘመድ ፎቶና ሻማ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ይቀድማቸዋል። መኪና እየነዳ መርዶውን ከስልኩ ያነበበ ሰው በየከተማው አይጠፋም።

መምህሩ፦ ቁራዎቹስ ሲሞትባቸው ምን ያደርጋሉ? ወዲያው ይነጋገራሉ?

ነርሷ፦ እንዴታ! ሲያትል ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ኬሊ ስዊፍትና ጆን ማርዝሉፍ፣ በ2015 ያወጡት። ጭምብል ያደረገ ሰው የሞተ ቁራ ይዞ ቁራዎች በሚመገቡበት ቦታ ይቆማል። ያየው ይጮኻል፣ የሰሙት ይሰበሰባሉ፣ ከበው ይንጫጫሉ። ከዚያ ለቀናት ወደዚያ ምግብ ለመቅረብ ይፈራሉ፤ የዚያን ጭምብል ፊት ደግሞ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሲያዩት ይጮኹበታል። ተመራማሪዎቹ ሐዘን ነው አላሉም፤ አደጋው የት እንዳለ መማር ነው ያሉት።

መምህሩ፦ ሦስት ቀን አይደብቁማ።

ነርሷ፦ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ወዲያው ነው የሚመጣው።

መምህሩ፦ እንግዲህ ስሚኝ። በሚቀጥለው ወር የእድር ስብሰባ አለን። እዚያ ይቅረብ። ብቻ «በስልክ ይነገር» ብለሽ እንዳትጀምሪ፤ ሽማግሌው ሁሉ ይነሣብሻል።

ነርሷ፦ በስልክ ይነገር አልልም። ወሬው በደረሰበት ቀን፣ ቅዳሜ ሳይጠበቅ፣ ሁለት ሰው ይሂድ ነው የምለው። አሥራ አምስቱ ቅዳሜ ይምጣ፤ ሁለቱ ግን የዚያኑ ዕለት።

መምህሩ፦ ሥራ ላይ ከሆነስ?

ነርሷ፦ ፈረቃው ሲያልቅ በር ላይ ይጠብቁት። መኪናውን ከሁለቱ አንዱ ይንዳ። የሌሊት ሠራተኛ ስንት እንደሆንን ያውቃሉ? የስም ዝርዝር ከነፈረቃው እኔ አዘጋጃለሁ።

መምህሩ፦ ሌላ አገር ያለ፣ እንደ ካናዳ ያለ ዘመድስ?

ነርሷ፦ እሱን ገና አላሰብኩበትም። በአቅራቢያው ያለ እድር ይፈለግለት ይሆናል።

መምህሩ ከኪሳቸው የተጣጠፈ ወረቀት አወጡና የመጀመሪያውን ነጥብ ጻፉ፤ «ሁለት ሰው» የሚለውን ሰርዘው «ከሁለት የማያንስ» አሉት። ነርሷ ደግሞ ከሥሩ የራሷን ጨመረች፤ መርዶው እስኪነገር ድረስ ማንም ለሐዘንተኛው «ተሽሏታል» አይበል የሚል። መምህሩ ይኼኛው ክርክር ያስነሣል አሏት። እሷም ያስነሣ አለች።